መካከሉ ለምን ይረሳል?
(ለኅብረቱ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ፈተና በተቃረበ ቁጥር ከመካከላችን «የእኔ አእምሮ አይዝም» እያለ ራሱን የሚወቅስ አይጠፋም። እኛ ግን ጥፋቱ ሁሉ የአእምሮ እንዳልሆነ፤ የቃሉ እንግድነትና የተሰለፈበት ቦታም ብዙ ድርሻ እንዳለው ለማስረዳት ተነሥተናል።

በዚህ ጥናት ቀዳሚው ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ነው። እርሱም የታወቀ ቃል ከሌላ ሐሳብ ጋር እየተያያዘ ልኬቱን እንዳያዛባበት፤ 2,300 ያህል ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት አዘጋጅቶ በገዛ ራሱ ላይ ሞከረ፤ ውጤቱንም በ1885 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ቤኔት መርዶክ በ1962 እ.ኤ.አ. ከ10 እስከ 40 ቃላት ያሉባቸውን ዝርዝሮች እያሰማ፤ ሰሚዎቹ ያስታወሱትን በፈለጉት ቅደም ተከተል እንዲጽፉ አደረገ። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ቃላት ሲታወሱ መካከለኞቹ በብዛት ጠፉ። በ1966 እ.ኤ.አ. ደግሞ ግላንዘርና ኩኒትዝ ዝርዝሩ እንዳለቀ ሰዎቹን ለ30 ሰኮንድ ቁጥር ቢያስቆጥሯቸው፤ የመጨረሻዎቹ ቃላት ብልጫ ጠፋ፤ የመጀመሪያዎቹ ግን ጸኑ። እንግዲህ አሁን አንብበን አሁን የምንደግመው ነገር ገና ሥር አልሰደደም ማለት ነው።

ስለ ቃሉ ትውውቅም እንዲሁ ነው። ዘወትር የምንሰማቸው ቃላት ለብቻቸው ሲዘረዘሩ ከእንግዶቹ ይልቅ ይታወሳሉ። ነገር ግን «ይህን ቃል ቀደም ብለህ አይተኸዋልን?» ተብሎ ሲጠየቅ ብርቁ ቃል ይበልጥ ይለያል። አይቶ መለየትና በባዶ ወረቀት ላይ አውጥቶ መጻፍ የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና።

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። «ኦስሞሲስ» የሚለውን ቃል አዲስ የሚሰማ ተማሪ ድምፁንም ትርጉሙንም ባንድ ጊዜ ይሸከማል። ይህን ድካም ስንፍና ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ስለዚህ እንግዳውን ቃል አስቀድመን በየቤታችን በምንነጋገርበት ቋንቋ እንፍታው። ደብተራችንን ዛሬ ከፊቱ ከጀመርን ነገ ከመካከሉ እንጀምር። ካነበብን በኋላም ዘግተነው ጥቂት ቆይተን፤ የያዝነውን በወረቀት ላይ እንጻፍ። መምህራኖቻችንም አዲሶቹን ቃላት በትምህርቱ መግቢያ በሰሌዳ ላይ ጽፈው እንዲያስተዋውቁን በትሕትና እንለምናለን።