የሐሞት አሲድ ተቅማጥና የአዲስ መድኃኒት ሙከራ

ጉበት የሚያመነጨው የሐሞት አሲድ ቅባትን ለማስፈጨት ካገለገለ በኋላ፣ አብዛኛው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ተመጥጦ ወደ ጉበት ይመለሳል። ይህ ዑደት ሲዛባ የተረፈው አሲድ ወደ ትልቁ አንጀት ይዘልቅና ውሃማ ተቅማጥ ያስከትላል። ሕመምተኛው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ የሚያጠና ሰው ነው፤ እኛ ግን ብዙውን ጊዜ «የአንጀት መቆጣት ነው» ብለን እንሸኘዋለን።

የቆየው ሕክምና፣ ለምሳሌ ኮሌሴቬላም፣ አሲዱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። በዴንማርክ ተካሂዶ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ለስኳር በሽታ የተሠራውን ሊራግሉታይድን ከዚሁ ጋር አወዳደረ። አንዱ በመርፌ፣ ሌላው በአፍ የሚሰጥ በመሆኑ ምስጢሩን ለመጠበቅ 52ቱም ሕመምተኞች ሁለቱንም እንዲወስዱ ተደረገ፤ አንደኛው ግን መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ነበር። ከ6 ሳምንት በኋላ የሰገራቸው ድግግሞሽ ቢያንስ በ25 በመቶ የቀነሰላቸው፣ በሊራግሉታይድ ከ26ቱ 20፣ በኮሌሴቬላም ከ26ቱ 13 ሆኑ።

ውጤቱ ያስደስታል። እኔን የሚያሳስበኝ ዋናው መለኪያ ነው። በቀን 8 ጊዜ ይመላለስ የነበረ ሰው 6 ጊዜ ሲመላለስ፣ በመዝገቡ «ተሻለው» ተብሎ ይጻፍለታል፤ እርሱ ግን አሁንም አውቶቡስ መሳፈር ይፈራል። ደግሞም ሊራግሉታይድ ያቅለሸልሻል፤ ያቅለሸለሸው ሕመምተኛ የትኛው እንደ ደረሰው ሊጠረጥር ይችላል። ዓመታት ለሚዘልቅ ሕመምም 6 ሳምንት አጭር ነው።

በሚቀጥሉት ሙከራዎች ሕመምተኛው ያለ ሥጋት ከቤቱ የወጣባቸው ቀናት በዋና መለኪያነት እንዲቆጠሩ አሳስባለሁ።