የብራናው ልማድ ለወረቀታችን
(ለምዕራብ ጎጃም ሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከአካባቢው ገጠር የመጣችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

አባቶቻችን ቅዱሳት መጻሕፍትን የጻፉበት ብራና ከበግና ከፍየል ቆዳ ተፍቆ የሚዘጋጅ ነው። ከአንድ ቆዳ የሚገኘው ቅጠል ጥቂት በመሆኑ በከንቱ አይጣልም። ሲፋቅ ቢቀደድ በክር ይሰፋል፤ ጸሐፊው ቢሳሳት ፊደሉን ፍቆ በላዩ ያርማል። በየአድባራቱ ዕቃ ቤት በሚገኙ የብራና መጻሕፍት ላይ ይህ ስፌት ዛሬም ይታያል። ወረቀት ከሱቅ መገዛት ሲጀምር ግን ጥንቃቄውን ተውነው።

በሰኔ ትምህርት ሲዘጋ ብዙ ደብተር ባዶ ገጽ እያለው ለባለ ሱቅ መጠቅለያ ይሸጣል፤ አለዚያም የከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል። መስከረም ሲጠባ፣ ጎተራው በጎደለበት ወቅት፣ ያው ቤተሰብ አዲስ ደብተር ለመግዛት ዶሮውን ወይም የቀረችውን እህል ገበያ ያወጣል። የሚሸጠው የሌለው ልጁን ከትምህርት ያስቀራል። አገራችን የወረቀትን ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ስለምታስመጣ ዋጋውን እኛ አንወስንም። ያልተጻፈበት ገጽ ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ባዶውን ገጽ እንሰብስብ። በሐምሌና በነሐሴ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያልተጻፈባቸውን ገጾች ለይተው፣ በክር ሰፍተው፣ ከካርቶን ሽፋን ያብጁላቸው። ሰበካ ጉባኤው ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ ለችግረኛ ልጆች ያድርስ፤ ስማቸው ግን በዐውደ ምሕረት አይጠራ። የቤተ ክርስቲያኑ የሒሳብ ሰነድ ግን ከዚህ ስብስብ ጋር አይቀላቀል፤ በመዝገብ ቤት ይጠበቅ።

ሁለተኛ፣ ቅዱስ ስምና ሥዕል ያለበትን ለብቻው እናኑር። ዓመቱ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ፣ በመጨረሻም በመንገድ ሲረገጥ እናያለን። ምእመናን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመልሱት፤ ካህናቱ በሥርዓቱ ያሳርፉት። እኛም በየማስታወቂያው ቅዱሳት ሥዕላትን ማሳተም እንቀንስ።

ሦስተኛ፣ የተጻፈበትን እንደ አገልግሎቱ እንለይ። በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ስለጸደቀ የወረቀት መጠቅለያ ይበልጥ ይፈለጋል። ለጧፍና ለሳሙና ይዋል፤ ለትኩስ ዳቦና ቅባት ላለው ምግብ ግን አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ምግቡ ይገባልና። የተቀዳደደው ወረቀት ረጥቦ ከከብት እበትና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ቢደባለቅ ብስባሽ ሆኖ የጓሮ ጎመንና በቆሎ ያበላናል። የሚያብረቀርቀውና ፕላስቲክ የተለበጠው ግን ከዚህ አይግባ።

ጌታችን አምስቱን እንጀራ አበርክቶ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ የተረፈው እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዝዟል (ዮሐ. 6፥12)። እንጀራን ማበርከት የሚቻለው ጌታ ቍርስራሹ እንዲጠበቅ ካዘዘ፣ ማበርከት የማንችል እኛማ እንዴት አብዝተን ልንጠነቀቅ ይገባን!

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ እስከ ሰኔ ድረስ አንድ ኃላፊ ይሰይም፤ ለባዶ ገጽና ለቅዱስ ሥዕል የሚሆኑ ሁለት ሣጥኖችም ያዘጋጅ። መስከረም ሲጠባ ያለ ደብተር ከቤት የቀረ ልጅ በአጥቢያችን እንዳይኖር እንትጋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።