ማሰሪያው ግሥ ወዴት ይቀመጥ?



የአሞራ ገደል ዓሣ ሻጭ ልጁን ሲያዝ፣ «ከዓሦቹ ትልልቆቹን ለይተህ፣ ዋጋቸውን አስልተህ፣ ደምር» ይለዋል። ነገሩ ከፊት ይመጣል፤ ሥራው በየተራው ይከተላል፤ ማሰሪያው ግሥ ከመጨረሻ ይቀመጣል። ይህንኑ ትእዛዝ በፓይተን ስንጽፈው ግን ፈንክሽኖቹ አንዱ በአንዱ ሆድ ይገቡና «ደምር» ከሁሉ ይቀድማል፤ ዓሦቹም ከውስጠኛው ቅንፍ ተደብቀው ይቀራሉ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የወጣው ፓይተን 1.0 ላምብዳን፣ ማፕንና ፊልተርን ይዞ መጣ። ሐሳቡ ጆን ማካርቲ በ1958 ከጀመረው ከሊስፕ የተገኘ ነው። ሊስፕ ፕሮግራሙን ራሱን እንደ ዝርዝር ስለሚይዘው፣ ጸሐፊው በማክሮ አዲስ አገባብ ሊፈጥርለት ይችላል። ፓይተን ይህን በር ዘግቶታል።

እኛም በመስኮት ልንገባ ብለን፣ «ከሆነ»ን በእንግሊዝኛው ቃል የሚተካ ተርጓሚ ጻፍን፤ አፈርንበትም። በጥቅስ ውስጥ የነበረውን «ከሆነ» ሁሉ ተካው፤ ስሕተት በተገኘም ጊዜ ማሽኑ እኛ ያልጻፍነውን መስመር እየጠቀሰ ይወቅሰን ጀመር።

መፍትሔው እቤቱ ውስጥ ኖሯል። ፓይተን ለምልክቶች የራሳችንን ትርጉም እንድንሰጥ ይፈቅዳል። ቀጥ ያለችው መስመር ከዝርዝር ቀጥላ ስትመጣ ዝርዝሩ አያውቃትም፤ ስለዚህ በስተቀኟ ያለው ነገር ይጠየቃል። ይኸውም፦

ዓሦች | ለይ(ትልቅ_ነው) | ለውጥ(ዋጋ) | ደምር

ፓይተን 3 ከ2008 ጀምሮ በፊደላችን የተጻፈ ስም ይቀበላልና፣ ሦስቱን ቃላት አንድ ጊዜ ከበየንናቸው ይህ መስመር ያለ ተርጓሚ ይሠራል። አዲስ አገባብ አልጨመርንም፤ የነበረውን ወደ እኛ አዞርነው እንጂ።

ሆኖም አንድ ሙሉ ሌሊት ከስሮብናል። አንዳችን «ዓሦች» ሲል ሌላው «አሶች» ብሎ ጽፎ ነበር። ለጆሯችን አንድ፣ ለማሽኑ ግን ሁለት ስም ነው። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው የአባቶቻችን ክርክር እዚህ ድረስ ተከትሎን መጣ!

ፓይተን የተጻፈለትን ፕሮግራም እንደ ዛፍ ዘርግቶ ያሳያል። በዛፉ ላይ እየዞረ ስሞችን ብቻ ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ አጭር ፕሮግራም አበጀን፤ ጥቅሱን አይነካም። ከመካከላችን አንዱ ግን፣ «‹ሰረቀ› ሌብነት፣ ‹ሠረቀ› የፀሐይ መውጣት አይደለምን? ሁለቱ ሳይታወቅ ቢዋሐዱ ማን ይጠየቃል?» ሲል ተቃወመ። ልክ ነበረ። ስለዚህ መሣሪያችን ዛሬ ምንም አይለውጥም፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ስሞች ከነመስመራቸው አውጥቶ ያሳያል፤ ምርጫው የጸሐፊው ነው።