ስለ ግንበኞች የእጅ ችፌ የተነገረ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ለሰሚው ትንሽ ቢመስልም በእጁ ሥራ ለሚያድር ሰው እንጀራው ነው። የትምህርት ቤት ግድግዳ ሲሠራ ሲሚንቶ የሚያቦካውን ግንበኛ ታውቁታላችሁ። ይህ ሰው ብዙ ዓመት በደኅና ሲሠራ ኖሮ አንድ ቀን ጣቶቹ ይቀላሉ፤ ያሳክኩታል፤ ውሃ ይቋጥራሉ፤ ኋላም ይሰነጠቃሉ። ከጎረቤቶቹም አንዱ ሥጋ ደዌ ነው ይላል፥ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ከእርሱ ጋራ በአንድ ዋንጫ መጠጣትም ይቀራል። ነገሩ ግን ችፌ ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ደዌ አይደለም።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ እንደ ኖራ የሚያቃጥል ስለ ሆነ የማንንም እጅ ይልጣል። ሁለተኛው ጉዳት ግን ልዩ ነው፤ በሲሚንቶ ውስጥ ክሮሚየም የሚባል ማዕድን በጥቂቱ ይገኛል፤ ከዚሁም በውሃ የሚሟሟው ዓይነት በቆዳ ዘልቆ አንዳንዱን ሰው ያስቆጣዋል። ሰውነትም አንድ ጊዜ ጠላቴ ነው ብሎ ከያዘው አይረሳውም፤ ጥቂት እንኳ ቢነካው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይቆጣል። ስለዚህ ግንበኛው «ትናንት ሲሚንቶ አልነካሁም» ቢል አልዋሸም፤ የነካው ከትናንት ወዲያ ነውና። ሐኪሞች ይህን ቁጣ አለርጂ ይሉታል።

መመርመሪያውን ዮሴፍ ያዳሶን የሚባል የቆዳ ሐኪም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. አሳየ፤ ይኸውም የተጠረጠረውን ነገር በጥቂቱ በጀርባ ላይ ለጥፎ፥ ከሁለት ቀን በኋላ አንሥቶ ቆዳው መቅላቱን ማየት ነው። የዴንማርክ መንግሥትም በ1983 ዓ.ም. በአንድ ኪሎ ሲሚንቶ ውስጥ የሚሟሟው ክሮሚየም ከ2 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደነገገ፤ ለዚህም ከብረት የሚገኝ ጨው ይጨመርበታል። የአውሮጳ ኅብረት አገሮች ይህን ሕግ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ አዋሉ። የጨው ኃይል ግን ሲሚንቶው ለብዙ ወራት ሲቀመጥ ይደክማል።

እንግዲህ ግንበኛው ጓንት ያድርግ። ነገር ግን የቆዳ ጓንት አይሁን፤ አብዛኛው የፋብሪካ ቆዳ የሚለፋው በዚሁ በክሮሚየም ነውና፥ አንዳንዱን ሰው ጫማው እንኳ እግሩን የሚያሳክከው ስለዚህ ነው። ሲሚንቶ ጓንት ውስጥ ከገባም ባዶ እጅ ይሻላል፤ ወዲያው አውልቆ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይገባል። መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎችን ሲሚንቶ በእጃቸው አታስቦኩ።

ችፌው ካልዳነ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፥ እጁ የሚነካውንም ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። እስኪሻለውም ሽማግሌዎች ለአሠሪው ነግራችሁ፥ ከሥራ ሳይወጣ ሲሚንቶ ወደሌለበት፥ ወደ ድንጋይ ጠረባ ይዛወር።