ምጥ ቃለ ጉባኤ አይጠብቅም

(በመካነ ሰላም በጥር ወር በተካሄደው የአባላት ስብሰባ ላይ ከማህበሩ ሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሁልጊዜ እዚህ ፊታችሁ የምንቆመው ገቢና ወጪ ልናነብላችሁ ነው። ዛሬም የያዝነው ያንኑ መዝገብ ነው። ጥር በአገራችን የጤናማ እናትነት ወር ስለሆነ ግን ከመዝገቡ አንዲት መስመር ብቻ መርጠን እንነጋገር ብለናል። መስመሯ «ለወሊድ መጓጓዣ፣ አስቸኳይ» ትላለች። የገንዘቡ ልክ ትክክል ነው፤ ፊርማውም ሙሉ ነው። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው፤ ገንዘቡ የወጣው ምጥ በጀመረ በማግስቱ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እህታችንን ምጥ የያዛት ከከተማው ራቅ ባለ ቀበሌ፣ ማታ ነበር። አምቡላንስ ሲደወል ሌላ ወላድ ለማምጣት ወጥቷል ተባለ። ባለቤቷ ለመኪና ኪራይ ብሎ ወደ እኛ መጣ። ሳጥናችን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው። ደንቡን ያወጣነው ገንዘብ እንዳይጎድል ብለን ነው፤ እውነትም አንድ ብር ጎድሎብን አያውቅም። ያን ሌሊት ግን አንዷ ቁልፍ ያዥ ለቅሶ ሄዳ ነበር። እስክትመለስ ነጋ። እህታችን በቃሬዛ እስከ አውራ መንገድ ወርዳ፣ በመኪና ሐኪም ዘንድ ስትደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። እሷ በኦፕራሲዮን ተረፈች። ልጇን ግን አላቀፈችም።

ይህን የምንናገረው እሷው ራሷ «ንገሩት» ስላለችን ነው። ማንንም ለመውቀስም አይደለም፤ ደንቡን ያጸደቅነው እኛው ነን፣ መዝገቡንም የያዝነው እኛው ነን።

የነፍሰ ጡር አንድ እግሯ መቃብር ውስጥ ነው ሲባል እየሰማን አድገናል። ይሁን እንጂ ነገሩ ዕጣ ፈንታ ብቻ እንዳልሆነ ቁጥሩ ያሳያል። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በሕይወት በሚወለዱ 100,000 ሕፃናት ልክ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወለደው ደግሞ በ2000 ከ100 ውስጥ 5 ብቻ ነበር፤ በ2019 48 ደርሷል። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሱ፣ የእናቶች ማቆያ ቤቱ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ መውለድ መቻሉ በከንቱ አልቀረም። ሆኖም በዚያው በ2019 ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወሊድ በቤት ነበር።

እናቶችን የሚገድለው ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ደም መፍሰስ፣ ከደም ግፊት የሚመጣ መንቀጥቀጥ፣ ኢንፌክሽን፣ የተራዘመ ምጥ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ውርጃ። መድኃኒቱም ይታወቃል። ለደም መፍሰሱ ማኅፀን የሚያኮማትር መርፌ አለ፤ ለመንቀጥቀጡ ማግኒዝየም ሰልፌት አለ፤ ለተራዘመው ምጥ ኦፕራሲዮን አለ። ነገር ግን ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልታከመ ጤነኛዋን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሁለት ሰዓት ደግሞ ከአንዳንዶቻችን ቀበሌ ቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ለመድረስ እንኳ አይበቃም።

ከሞት የተረፈችም ሁሉ በደህና አትወጣም። ለቀናት የተራዘመ ምጥ ፊስቱላ ያስከትላል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት ለእነዚህ ሴቶች ነው። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጉዳቱን ከመጠገን ሳይደርስ መከላከሉ ይሻላልና።

የጤና ባለሙያዎች ሦስቱ መዘግየቶች የሚሏቸው አሉ። አንደኛው ለመሄድ ሳይወስኑ መቆየት፣ ሁለተኛው በመንገድና በመጓጓዣ መዘግየት፣ ሦስተኛው ጤና ተቋም ከደረሱ በኋላ ሕክምናው ቶሎ አለመገኘቱ ነው። ሦስተኛው በእጃችን አይደለም። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን በቤታችንና በሳጥናችን ውስጥ ናቸው።

በቤታችን ያለው ይህ ነው። ደም ከታየ፣ ራስ ምታቱ ከጠና፣ ዓይን ከተጭበረበረ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሽርት ውሃ ያለ ምጥ ከፈሰሰ፣ ጽንሱ መንቀሳቀስ ከቀነሰ፣ ምጡም ከ12 ሰዓት ካለፈ፣ አማት እስኪመጡ፣ ባል ከገበያ እስኪመለስ አይጠበቅም። ዱዓውም ይደረግ፣ ማርያም ማርያምም ይባል፤ መኪናው ግን ይጠራ።

በሳጥናችን ያለውን ደግሞ እንንገራችሁ። በሂሳብ ሥራ ድንገተኛ ወጪ የሚባለው ቀድሞ ያልታወቀው ነው። እርግዝና ግን ከወራት በፊት የሚነገረን ወጪ ነው። ስለዚህ ለጉባኤው አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ነፍሰ ጡር አባል ሦስት ወር ሳይሞላት ክትትል ትጀምር፤ ፈቃዷ ከሆነም የመውለጃ ጊዜዋን ለእኛ ታስመዝግብ። ሁለተኛ፣ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ የመጓጓዣው ገንዘብ በፖስታ ሆኖ፣ ፈርማ፣ በእጇ ይሰጣት፤ ካልተጠቀመችበት ትመልሳለች። ሦስተኛ፣ ቤቷ ሩቅ የሆነ ሴት ቀኗ ሳይደርስ ማቆያ ቤት እንድትገባ፣ የቡድን ጓደኞቿ ልጆቿንና ከብቶቿን በተራ ይጠብቁላት። ብዙዎቻችንን ከቤት የሚያስቀረን ይኸው ነውና። አራተኛ፣ የጤና መድን መታወቂያዋ መታደሱን አብረን እንይላት።

ለጋሽ ወዳጆቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ሌሊት የሚጭን ሾፌር ደረሰኝ አይቆርጥም፤ ቃሬዛ ተሸካሚም እንዲሁ። ለእንዲህ ያለው ወጪ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት እንዲበቃን ፍቀዱልን።

«ገንዘቡ በፖስታ ወጥቶ ቢጠፋስ?» የምትሉ አላችሁ፤ እኛም ብለን ነበር። ቢጠፋ ጉድለት ተብሎ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ወር መዋጮም ይሞላል። ያን ሌሊት ያጣነውን ግን የምንሞላበት ወር የለም።

ዛሬ ከአባሎቻችን አራቱ ነፍሰ ጡር ናቸው፤ ሁለቱ ከፋሲካ በፊት ይወልዳሉ። ስለዚህ ነገሩን ለሚቀጥለው ጉባኤ አናሳድረው። ደንቡ ይሻሻል የምትሉ እጃችሁን አውጡ።