አሞራውን ከመውቀሳችን በፊት



ከ100 በሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ በተሠራችው በቬኒስ ከተማ መኪና ስለማይገባ፣ ጥራጊ የሚነሣው በእጅ ጋሪና በጀልባ ነው። ነዋሪው ቀድሞ የጥራጊውን ከረጢት ከደጁ አኑሮ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ሠራተኛው ደርሶ ሳያነሣው ግን ነጩ የባሕር አሞራ ይቀድመዋል፤ ከረጢቱን በመንቁሩ ቀድዶ ትርፍራፊውን ይበላል፤ የቀረውን በየመንገዱ ይበትነዋል።

“ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ” እንደሚባለው፣ ከተማዪቱ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከረጢት ከደጅ ማኖርን እያስቀረች፣ ነዋሪው ጠዋት በተወሰነው ሰዓት ጥራጊውን ለሠራተኛው በእጁ እንዲያስረክብ ወይም ወደ ጀልባው እንዲወስድ ደነገገች። ይህ ለሥራ ለሚቸኩል ሰው ቀላል ሸክም አይደለም፤ ሆኖም ለአሞራው በየደጁ ይዘረጋ የነበረው ማዕድ ተነሣ።

በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ቆሞ የሚበላው እንግዳ ግን ልማዱን አልተወም። አሞራውም ከከረጢቱ ያጣውን ከእንግዳው እጅ ይነጥቃል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ ሆቴሎች ለእንግዶቻቸው የውኃ ሽጉጥ እስከ ማደል ደረሱ። የተረጨ አሞራ ግን ለጊዜው ይሸሻል እንጂ፣ ፍርፋሪ እስካለ ድረስ መመለሱ አይቀርም።

እንግዲህ ደንብ የሚጠቅመው ሁሉም ሲጠብቀው ነው፤ አንዱ የዘጋውን ሌላው ከከፈተው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ባሕር በሌለው ከተማ የምንኖርም ብንሆን ከዚህ ነገር ነጻ አይደለንም፤ አሞራ ቢታጣ ውሻ አይታጣም። ቀን በቢሮ ደንብ የምናረቅ ሰዎች፣ ማታ የራሳችንን ከረጢት ከአጥር ውጭ ጥለን የምናድር ከሆነ፣ ወቀሳው ለእንስሳው ሳይሆን ለእኛ ነው።