እስኪነጋ የተጨፈረበት ዘመን



በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሰዓት እላፊ ከደረሰ ወደ ቤት መሄድ አይታሰብም። ስለዚህ የምሽት ክበቡ በር ይዘጋና እስኪነጋ ይጨፈራል። ዋልያስን የመሰሉ ባንዶች ሌሊቱን ከታዳሚው ጋር ያነጉ ነበር። እግሯ የዛለ ወጣት ጫማዋን አውልቃ ወንበር ሥር ትሸጉጣለች፤ ችክችካው ሲጀምር ግን በባዶ እግሯ ብድግ!

ውጭ ጥይት ይሰማል፤ ውስጥ ሳክስፎን።

እነዚያ ወጣቶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። የዚያን ጊዜ ዘፈን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርረው ዘመኑን ወደውት አይመስለኝም፤ አብረዋቸው ከጨፈሩት ብዙዎቹ ዛሬ ስለሌሉ ነው። እባካችሁ፣ ቁርስ ላይ ከማን ጋር ይጨፍሩ እንደነበር ጠይቋቸው።

አሁን መሐሙድ አሕመድን እንጋብዛችሁ፤ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጉት።